ሻደይን ማን ይታጠቅ?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው አንድን ዘፈን ሲወድ ዜማውን ብቻ አይወስድም፤ የዘፋኙንም የጠጉር አያያዝ፣ ጫማውንና ቀበቶውን አብሮ ይወስዳል። ይህ ነገር በሰቆጣም ሆነ በሌላው ዓለም አንድ ነው። በገበያ ቀን ከከተማችን መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት ሰው፣ ጠጉሩን እንደ ሬጌ ዘፋኞች የገመደ ጎረምሳ፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ያጠለቀ ተማሪ፣ ድሪ ያሰረች ኮረዳና ጋቢ የደረበ ሽማግሌ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያያል። ከእነዚህ ልብሶች ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ይዟቸው የመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ዜማ ነው።

ታዲያ የአንዱን ወገን ልብስ ሌላው ሲለብሰው ማክበር ነው ወይስ መንጠቅ? ዛሬ በብዙ አገሮች ወጣቶች አጥብቀው የሚከራከሩበት ጉዳይ ይህ ነው። ክርክሩ ከእኛም ደርሷል። ዘንድሮ በክፍላችን ለወላጆች ቀን ሊቀርብ በታሰበው ጭፈራ ላይ ሻደይ ይታጠቅ ወይስ አይታጠቅ በማለት ሁለት ወገን ሆነን ሰነበትን። አንደኛው ወገን «ሻደይ የዋግ ልጃገረድ ነው፤ ከነሐሴ ውጪ፣ በባዕድ ምት፣ ያገኘ ሁሉ ሊታጠቀው አይገባም» ሲል፣ ሁለተኛው «ባህል የሁሉ ነው፤ ካልታየ ይጠፋል» አለ። እኔም ከታናሽነቴ ጀምሬ ሻደይ የተጫወትሁ ሴት ልጅ በመሆኔ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተኛል። ስለዚህ የተረዳሁትን ያህል ለተከበሩ አንባብያን ለማስረዳት ብዕሬን አንሥቻለሁ።

አስቀድሞ ሻደይ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ መግለጽ ያስፈልጋል። ሻደይ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ቀን ሲፈታ ተጀምሮ እስከ ነሐሴ 21 ቀን የሚዘልቅ የልጃገረዶች ጨዋታ ነው። ስሙንም ያገኘው ልጃገረዶቹ ከወገባቸው ከሚታጠቁት ረጅም ለምለም ሣር ነው። ይህ ሣር የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ያድግና በነሐሴ አጋማሽ ለመታጨድ ይደርሳል። በገመድ ላይ ተጎንጉኖ ከወገብ ሲታሰር ርጥብ በመሆኑ ይከብዳል፤ ስለሚከብድም ልጅቱ በተወዛወዘች ቁጥር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ከከበሮው ጋር እኩል ይሄዳል። በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ይጠወልግና መሰባበር ይጀምራል። እንግዲህ ሻደይ በጥር ወይም በሚያዝያ የማይኖረው ሰው ስለ ከለከለው ሳይሆን ሣሩ ስለሌለ ነው።

ስለ ጨዋታው አመጣጥ የሚነገረው ከአንድ በላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ከጥፋት ውሃ በኋላ ርግቧ ለኖኅ ያመጣችለትን ለምለም ቅጠል ያስታውሱበታል፤ ሌሎችም በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈችውን የዮፍታሔን ልጅ መታሰቢያ ያደርጉታል። በማናቸውም ቢሆን በመካከሉ ያለችው ሴት ልጅ ናት።

የሻደይ አለባበስ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ማንበብ ለሚችል ሰው ይነበባል። በቀድሞ ዘመን ጠጉሯን በሳዱላ የተላጨች ልጅ ያላገባች መሆኗ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ሹሩባዋ፣ ኩሏ፣ ድሪዋና አልቦዋ ስለ ዕድሜዋና ስለ ቤተ ሰቧ የሚናገሩት ነበራቸው። ዘፈኑንም አንዷ በኽምጣና ወይም በአማርኛ ስታወጣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። በየቤቱ እየዞሩ ደጉን ያመሰግናሉ፤ ቆጥቋጣውንም በግጥም ሸንቆጥ ያደርጉታል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም የኖረች ልጅ በእነዚያ ጥቂት ቀናት መንገዱ የእርሷ ነው፤ ታላላቆቿም ቆመው ይሰሟታል። ይህ እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም። ሻደይ ከልጃገረዶች እጅ ከወጣ የሚወጣው ሣሩ ብቻ ሳይሆን ይህ የመናገር ፈቃድም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ክርክር ከጎረቤት ጋር የሚደረገው ነው። ይህ ጨዋታ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ዓይኒ ዋሪ ይባላል። በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ «መጀመሪያ የእኛ ነው፤ ከእኛ ወሰዱት» እየተባባሉ በስልክ ላይ የሚሰዳደቡ ሰዎች አይጠፉም። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትም በዚህ ላይ ቂም ጨመረበት። በበኩሌ ሣሩ ድንበር የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ከተከዜ ወዲያም ከተከዜ ወዲህም የሚያበቅለው አንድ ክረምት ነው። እኅትማማቾች በአንድ ቤት አድገው እያንዳንዳቸው በስማቸው እንደሚጠሩ፣ አንድ ጨዋታ በየአገሩ የየራሱ ስምና ዜማ ቢኖረው ስርቆት ሊባል አይችልም። ጉዳቱ የሚመጣው ስሙ ሲጠፋ ነው። የሰቆጣን ልጃገረድ አለባበስ አይቶ በሌላ ስም የሚጠራ የመድረክ አስተዋዋቂ ወይም የላስታዋን «ሻደይ» የሚል የእኛ ሰው ሁለቱም ያው አንድ ጥፋት ያጠፋሉ።

«የእኛ ብቻ» ለሚሉት ወገኖቼ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በልጃገረዲቱ አንገት ላይ የሚያበራው ብር ከየት መጣ? በአገራችን ለብዙ ዘመን ገንዘብ ሆኖ ሲገበያዩበት የኖረው ማርትሬዛ የአውስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር ነው፤ በላዩም የሚነበበው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ነው። አንጥረኞቻችን ይህን ብር እያቀለጡ መስቀልና አምባር ሠሩበት፤ እናቶቻችንም አንዳንዱን እንዳለ በክር አንጠልጥለው አጌጡበት። ባዕድ ነው ብሎ ያወለቀው የለም።

የሐበሻ ቀሚሱንም እንመልከት። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሚሸጠው የአገር ልብስ ጥበብ ከሚጥሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ ዶርዜን የመሰሉ አገሮች ልጆች ናቸው። በቀድሞ ጊዜ በብዙ ቦታ ሸማኔም አንጥረኛም የሚናቁ ነበሩ። የእጃቸውን ሥራ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ልጁን ለእነርሱ ልጅ ለመዳር ፈቃደኛ አልነበረም። ልብሱን ወድዶ ሠሪውን መናቅ ከባሕር ማዶ የመጣብን በደል ብቻ እንዳይመስለን ይህን ማስታወስ ይገባል። ዛሬ ደግሞ ጥለቱ በፋብሪካ በጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ ይሸጣል። ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ይመስላል፤ ነገር ግን ድርና ማጉን ያገናኘ ሸማኔ ስለሌለ ከዋጋው አንድ ሳንቲም ወደ ሸማኔው ቤት አይገባም።

ልብስ በዘፈን ታዝሎ ወደ አገራችን የገባበት ዘመን ሲነሣ 1950ዎቹና 1960ዎቹን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ዘማኒውን ሙዚቃ ሲያሰሙ፣ ወጣቱ ከዜማው ጋር ሱሪውንም ጠጉሩንም ተቀበለ። በ2013 ዓ.ም. ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ ጠጉሩን እንደ አሜሪካዊው ኤልቪስ ፕሪስሊ ያበጥር ስለነበር «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ተብሎ ነበር። ሆኖም ዘፈኑ በአማርኛ፣ ቅኝቱም የአገሩ ስለሆነ የወሰደውን ከራሱ ጋር አዋሕዶ አዲስ ነገር አደረገው እንጂ ሌላ ሰው መስሎ አልቀረም።

ሁሉ ግን በደስታ አልተቀበለውም። በ1960 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት ሲዘጋጅ ብዙ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ማስፋፊያ ነው ብለው ተቃወሙት። ነገሩ ከፖሊስ ጋር እስከ መጋጨት ደረሰ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ ደሃ አገር የውጭ ፋሽን መሸጫ እንዳትሆን መስጋታቸው የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳያስደንቀኝ አይቀርም። የወንዶቹ ኮትና ሱሪም ከዚያው ከባዕድ አገር የመጣ ነበር፤ አገር የሚያስቆጣው ግን የሴቶቹ አጭር ቀሚስ ሆነ። ዛሬም ስለ ባህል በተከራከርን ቁጥር መለኪያው ተስቦ የሚያርፈው በሴት ልጅ ልብስ ላይ ነው። በክፍላችን ክርክር ጊዜም ስለ ሻደይ ብዙ የተናገሩት ታጥቀውት የማያውቁ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ይህን ስል ወንድሞቼ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ወሰድነው ነው፤ ከእኛ ስለ ተወሰደውም ልናገር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ፣ በጃማይካ የሚኖሩና አያቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የሄዱ ሰዎች ነገሩን እንደ ትንቢት ፍጻሜ ተመለከቱት። ራስ ተፈሪ በሚለው በቀድሞ ስማቸውም ራሳቸውን ራስታ ብለው ጠሩ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማችንን በቆባቸውና በቀበቷቸው አደረጉት፤ የይሁዳን አንበሳ በልብሳቸው ሳሉት። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ሲጎበኙ የተቀበላቸው ሕዝብ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ሬጌ የተባለው ሙዚቃ በቦብ ማርሊና በጓደኞቹ አማካይነት ቀለሙን በዓለም ሁሉ አዳረሰው።

ይህ ነጠቃ ነውን? ንጉሡን እንደ አምላክ ማየታቸው ከእኛ ሃይማኖት ጋር አይስማማም፤ ብዙ አባቶችም ያዝኑበታል። ሆኖም ራስታዎች የኢትዮጵያን ቀለም ሲለብሱ የኢትዮጵያን ስም አልደበቁም፤ እንዲያውም ስሟን ከማያውቋት ሰዎች ጆሮ አደረሱ። ከእነርሱም ብዙዎች ንጉሠ ነገሥቱ በሻሸመኔ በሰጡት መሬት ላይ መጥተው ኖረዋል። በ1997 ዓ.ም. ቦብ ማርሊ የተወለደበት 60ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ ሲከበርም ቀለሙ ከሄደበት ተመልሶ ከሕዝባችን ፊት ቆመ። ዛሬ በሰቆጣ ጠጉሩን የሚገምድ ጎረምሳ ልማዱን ያገኘው በየገዳሙ ካሉት ባሕታውያን ሳይሆን ከሬጌ ዘፋኞች ነው። የእኛው ቀለም በጃማይካ በኩል ዞሮ ሲመለስ አዲስ ፋሽን መስሎ ተቀበልነው።

ከዚህ የሚለየው የተቀደደው ሱሪ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በኑሮ የተማረሩ ወጣቶች ፓንክ የሚባል ፈጣንና ጯኺ ሙዚቃ ይዘው ተነሡ። ልብሳቸውን ቀድደው በመርፌ ቁልፍ ያያይዙት ነበር፤ ትርጉሙም የባለጸጎችን ሥነ ሥርዓት አንቀበልም ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎች የተቀደደ ልብስ ሠርተው ከደህናው እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጠው ይሸጡ ጀመር። ዛሬ ቅዳዱ ብቻ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ቁጣው በመንገድ ቀርቷል። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ክፉኛ የተመታ አገር ነው፤ የዚያ ዘመን ሰዎች የተቀደደ የለበሱት ወድደው አልነበረም። እንግዲህ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ሱሪ አይተው «ና አውልቀው፣ ልጣፍልህ» ቢሉት ሥልጣኔ አልገባቸውም ብሎ መሳቅ አይገባም። እርሳቸው ልብሱን በራሳቸው ቋንቋ አንብበውታል።

ነገር ግን ከዚሁ ከፓንክ ወገን የተገኘ አንድ መልካም ምሳሌ አለ። ጎፈር የአንበሳ ጋማ መሆኑንና በቀድሞ ዘመን አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀግንነቱ የተመሰከረለት ሰው ይደፋው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ የጦረኛውን ሽለላ ከሰው ጉሮሮ ወስዶ በሳክስፎን ያሰማ ሰው ነበር፤ ሲጫወትም ጎፈር ደፍቶና የጀግና ካባ ደርቦ በመድረክ ይቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የፓንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘው። ጌታቸውም አጨዋወታቸውን ወድዶ ከእርሱ ጋር እንዲያጅቡት ጠየቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም በጋራ አወጡ፤ በብዙ አገሮችም አብረው ተጫወቱ። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ሥርዓቱን ነው። ባለ ጎፈሩ ጌታቸው ነበር፤ ዜማውን የሚመራው እርሱ፣ ስሙ በአልበሙ ላይ የተጻፈው የእርሱ ነበር። ፈረንጆቹም በራሳቸው ልብስ ከኋላው ቆመው በራሳቸው መሣሪያ አጀቡት። ሽለላውን የሰሙት ሰዎች ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እነዚያ ሰዎች ጎፈር ገዝተው፣ ሽለላውን «የእኛ ፈጠራ» ብለው ቢያሰሙት ኖሮ ግን ያው ዜማ ስርቆት በሆነ ነበር። አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች ተነሥቼ የሌላውን ልብስ ለመልበስ የሚያስብ ሰው ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ስሙ ይነገራል ወይ? ሻደይ ሻደይ ተብሎ፣ የዋግ መሆኑ ተገልጦ ቢቀርብ ለተመልካቹ ትምህርት ነው። ስሙ ከተሸሸገ ግን ተመልካቹ ሣር ለብሰው የሚዘልሉ ልጆች ብቻ ያያል።

ሁለተኛ፣ ትርጉሙና ጊዜው ይጠበቃል ወይ? በአንዳንድ የዘፈን ክሊፖች ላይ በበጋ ወራት በአረንጓዴ ክር ወይም በላስቲክ የተሠራ ሻደይ አይቻለሁ። ላስቲኩ አይጠወልግም፤ ስለማይጠወልግ ዓመቱን ሙሉ ይታጠቁታል፤ ዓመቱን ሙሉ ከታጠቁት ደግሞ ነሐሴን የሚናፍቅ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ የሚመራውና የሚጠቀመው ማን ነው? ከዘፈኑ ገንዘብ ሲገኝ ግጥሙን ያወጣችው ልጅ፣ ጠጉር የሠራችው ሴት፣ ጥበቡን የሠራው ሸማኔ ድርሻ ካላገኙ፣ «ባህላችንን አስተዋወቅንላችሁ» የሚለው ቃል ባዶ ነው። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

እነዚህን ሦስቱን የሚያሟላ ሰው ከዋግ ባይወለድም ሻደይ ቢታጠቅ አልቃወምም። በነሐሴ ወደ ሰቆጣ የመጣች እንግዳን ልጃገረዶቹ ራሳቸው አስታጥቀው ከመካከላቸው ቢያስገቧት የሚቀንስባቸው ነገር የለም። ባለቤቷ ያስታጠቀችው እንግዳና በራሱ እጅ ወስዶ የታጠቀ ሰው በፎቶግራፍ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እኛ ግን ልዩነቱን እናውቃለን።

ስለ ክፍላችን ጉዳይ ያለኝን አሳብ ልግለጥና ላብቃ። የወላጆች ቀን የሚውለው ሣሩ ሳይደርስ ነውና በላስቲክ ሣር ወላጆቻችንን አናታልል። ይልቁንም ጨዋታውን የሚያውቁ ልጃገረዶች በሹሩባቸውና በቀሚሳቸው፣ ከበሮ ይዘው ይቅረቡ፤ በኽምጣና የሚዘፈነውን የማያውቁ ጓደኞቻችንም እየተቀበሉ ይማሩ። በባዕድ ምት መጨፈር የሚወዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ ተራቸው ሲደርስ የወደዱትን ሱሪ ለብሰው የራሳቸውን ያሳዩ፤ ያንንም ቢሆን ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ጀመረው ለተመልካቹ ይንገሩ። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም ከመፍረዳቸው በፊት በዚያ ቀን የሚለብሱትን ልብስ ማን እንደ ፈተለው፣ ማን እንደ ሸመነውና ከየት እንደ መጣ ለልጆቻቸው ቢያጫውቱልን ክርክራችን ፍሬ አገኘ ማለት ነው። ሻደይን ራሱን በወገባችን ታጥቀን ለማየት የምትሹ ሁሉ ደግሞ ነሐሴ 16 ቀን በሰቆጣ አደባባይ እንጠብቃችኋለን።